ለምን ከመድረክ ወረዱ? ዳግም ሊታዩ የሚገባቸውን ሙዚቃዊ ቲያትሮችና ተውኔቶች ስለ መለየት

የቲያትር ሰፈሮች በሆኑት በኒው ዮርኩ ብሮድዌይና በለንደኑ ዌስት ኤንድ በየዓመቱ ለመድረክ ከሚበቁት ሙዚቃዊ ቲያትሮችና ተውኔቶች መካከል ጥቂት የማይባሉት አዲስ ድርሰቶች አይደሉም፤ ከብዙ ዓመታት በፊት ታይተው ያበቁና በአዲስ አዘጋጅ፣ በአዲስ ተዋንያንና በአዲስ የመድረክ ንድፍ እንደገና የተሰናዱ ናቸው። የብሮድዌይ ዋነኛ ሽልማት የሆነው ቶኒ ለእነዚህ ዳግም ዝግጅቶች ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ዘርፎች አሉት፤ አንዱ ለተውኔት፣ ሌላው ለሙዚቃዊ ቲያትር። ዳግም ዝግጅት ሲባል የቀድሞውን ትርኢት እንዳለ መቅዳት ማለት አይደለም። ቃለ ተውኔቱና ዜማው ባብዛኛው ባሉበት ይቆዩና አተረጓጎሙ፣ ፍጥነቱ፣ አልባሳቱ፣ የኦርኬስትራው መጠን፣ አልፎ አልፎም ፍጻሜው ራሱ እንደገና ይወሰናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ዕድል ለየትኞቹ ሥራዎች ይገባል ተብሎ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ለምርጦቹ» የሚለው ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ለመምረጥ አይረዳም፤ ምርጦቹማ ማንም ሳያስታውሳቸው ይመለሳሉ። በ1959 የተከፈተው «ጂፕሲ» የተባለ ሙዚቃዊ ቲያትር በ1974፣ በ1989፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2024 ብሮድዌይ ላይ ዳግም ቀርቧል። በ1949 የታየው የአርተር ሚለር ተውኔት «ዴዝ ኦፍ ኤ ሴልስማን» ደግሞ ከ1975 እስከ 2022 ባለው ጊዜ አምስት ጊዜ ተመልሷል። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ስለ መሆናቸው የሚከራከር ያለ አይመስለኝም፤ ሆኖም የአንድ ቲያትር ቤት ወቅትና ገንዘብ የተወሰነ ስለሆነ እነሱ በተመለሱ ቁጥር ሌላ አንድ ሥራ ተራውን ያጣል። ስለዚህ የሚሻለው «ሥራው ምን ያህል ታላቅ ነው?» ከማለት በፊት «መጀመሪያውኑ ለምን ከመድረክ ወረደ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያወረደው ምክንያት ከድርሰቱ ውጭ የነበረ ከሆነና ያ ምክንያት ዛሬ ከሌለ፣ ወይም መፍትሔ ሊገኝለት የሚችል ከሆነ፣ ሥራው ሊመለስ ይገባዋል። ምክንያቱ ከድርሰቱ ውስጥ ከሆነ ግን ታዋቂ ተዋናይም ሆነ ውድ የመድረክ ግንባታ አያድነውም።

ይህን መለኪያ ከማንም በላይ የሚያስረዳው የ«ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» ታሪክ ነው። ዜማውንና ግጥሙን እስቲቨን ሶንድሃይም፣ ቃለ ተውኔቱን ጆርጅ ፈርዝ የጻፉት ይህ ሙዚቃዊ ቲያትር የሦስት ጓደኛሞችን ሕይወት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይተርካል፤ ሀብታም ሆነው በተጣሉበትና በተሰላቹበት ዕድሜ ተጀምሮ፣ ወጣት ሆነው በአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ስፑትኒክ ሳተላይትን ለማየት ወደ ሰማይ ባንጋጠጡበት ሌሊት ያበቃል። በ1981 ሲከፈት አዘጋጁ ሃል ፕሪንስ ክፍሎቹን በሙሉ ገና ልምድ ላልነበራቸው በጣም ወጣት ተዋንያን ሰጠ። ታሪኩ ወደ ኋላ የሚሄድ በመሆኑ ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ ግራ ተጋባ፤ ለዚህ የተገኘው መላ የገጸ ባሕርያቱን ማንነት በለበሱት ሹራብ ደረት ላይ መጻፍ ነበር። ትርኢቱ ከበርካታ የሙከራ ትርኢቶች በኋላ በይፋ ተከፍቶ 16 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ።

ብዙዎች «ዜማው ድንቅ፣ ድርሰቱ የማይሆን» ብለው ደመደሙ። ደራሲዎቹ በ1980ዎቹ ጽሑፉን ካረሙት በኋላም የሥራው ስም እንደ ውድቀት ምሳሌ ሲጠራ ኖረ። ማሪያ ፍሪድማን በለንደኑ ሜኒየር ቾኮሌት ፋክተሪ በ2012 ያሰናዳችውና በ2023 ብሮድዌይ የደረሰው ዝግጅት ግን ክፍሎቹን ለጎልማሳ ተዋንያን ሰጠ። የመካከለኛ ዕድሜ ሰው ወጣት መስሎ ሲጫወት ተመልካቹ የጠፋውን ነገር ፊቱ ላይ ያነበዋል፤ ወጣት ሽማግሌ መስሎ ሲጫወት ግን የሚታየው ማስመሰሉ ብቻ ነው። ሥራው በ2024 የምርጥ ዳግም ዝግጅት ቶኒን አሸነፈ። ሶንድሃይም በ2021 ስላረፈ ይህን አላየም። ሥራውን አርባ ዓመት ያህል ያስቀጣው ጥፋት በአብዛኛው የተዋናይ ምርጫና የአቀራረብ ጥፋት ነበር ማለት ነው።

«ቺካጎ» ደግሞ በሌላ ምክንያት የዘገየ ነው። ቦብ ፎሲ ያዘጋጀው፣ ጆን ካንደርና ፍሬድ ኤብ ዜማና ግጥሙን የሠሩት ይህ ሥራ በ1975 ሲከፈት 936 ጊዜ የታየ ስለሆነ ወደቀ አይባልም። ነገር ግን ነፍሰ ገዳዮች በጋዜጣ ዝና ነፃ ሲወጡ የሚያሳየው ስላቅ ለጊዜው ሰው መራራ ነበር፤ በዚያው ዓመት የተከፈተው «ኤ ኮረስ ላይን» ደግሞ ሽልማቱንም ወሬውንም ጠቅልሎ ወሰደው። በ1996 ኒው ዮርክ ሲቲ ሴንተር «ኤንኮርስ» በተባለው ተከታታይ ዝግጅቱ ለጥቂት ቀናት አቀረበው። ኤንኮርስ በ1994 የተጀመረ ሲሆን የተረሱ ሙዚቃዊ ቲያትሮችን ከነሙሉ ኦርኬስትራቸው፣ በጥቂት ልምምድና ያለ ትልቅ ጌጥ ያቀርባል። አሜሪካ በነፍስ ግድያ ተከሶ ነፃ የወጣውን የዝነኛውን ስፖርተኛ የኦ ጄ ሲምፕሰንን ችሎት በቴሌቪዥን ተከታትላ ገና ማብቃቷ ነበርና ስላቁ በአንድ ጊዜ ዜና መሰለ። ትርኢቱ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ወደ ብሮድዌይ ሲዛወር የኮንሰርቱን ድህነት ይዞት ሄደ፤ ኦርኬስትራው መድረኩ መሐል ተቀምጦ፣ ተዋንያኑ ጥቁር ለብሰው። ይህ ለወጪ ቁጠባ የመጣ አቀራረብ የሥራው መለያ ሆኖ ቀረ፤ በብሮድዌይ ከታዩት አሜሪካ ሠራሽ ሙዚቃዊ ቲያትሮች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረውም ይኸው ዳግም ዝግጅት ነው።

ከተውኔቶች ወገን የአሊስ ቻይልድረስ «ትራብል ኢን ማይንድ» አለ። በ1955 ከብሮድዌይ ውጭ ባለ ትንሽ ቲያትር ቤት ታየ። ታሪኩ ዊሌታ የተባለች ጥቁር ተዋናይት በነጭ ደራሲ የተጻፈና በነጭ አዘጋጅ የሚመራ፣ «ለጥቁሮች የቆመ» የተባለ ተውኔት ስትለማመድ የሚሆነውን ያሳያል፤ በዚያ ተውኔት ውስጥ እናት የገዛ ልጇን ለገዳዮቹ አሳልፋ ስትሰጥ ዊሌታ ይህ የእናት ሥራ አይደለም ብላ ትነሣለች። ፕሮዲዩሰሮች ወደ ብሮድዌይ ሊወስዱት ሲያስቡ ነጭ ተመልካችን እንዳያስከፋ ፍጻሜው እንዲለሳለስ ጠየቁ፤ ቻይልድረስ ግን እምቢ አለች። ስለዚህም ብሮድዌይ ላይ ተውኔቷ የታየላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የመሆኑን ስፍራ በ1959 ሎሬይን ሃንስቤሪ ያዘች፤ የቻይልድረስ ተውኔት ብሮድዌይ የደረሰው እሷ ካረፈች ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2021 ነው። ተውኔቱ ስለሚተቸው ነገር ራሱ ተውኔቱ መቀጣቱ ታሪክ ያጣመመው ቀልድ ይመስላል። የቶኒ ሕግ ብሮድዌይ ታይቶ የማያውቀውን ይህን ሥራ በዳግም ዝግጅት ዘርፍ እንዳሳጨውም በዚሁ መጥቀስ ይገባል፤ የታወቀ ነባር ድርሰት ከሆነ በብሮድዌይ የመጀመሪያው ቢሆንም እንደ አዲስ አይቆጠርም።

ድርሰቱ ውስጥ ያለው ነገር ራሱ ካረጀስ? እዚህ ላይ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ጽሑፉን መለወጥ ወይም አተረጓጎሙን መለወጥ። በ1946 የተጻፈው የኧርቪንግ በርሊን «አኒ ጌት ዩር ገን» በ1999 ሲመለስ ቃለ ተውኔቱ ታርሞ፣ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላይ የሚቀልደው ዘፈን ወጥቶ ቀረበ። በ1958 የታየው የሮጀርስና ሃመርስታይን «ፍላወር ድራም ሶንግ» ደግሞ በ2002 በዴቪድ ሄንሪ ህዋንግ እጅ ቃለ ተውኔቱ ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ተጻፈ፤ ያም ሆኖ ብዙ አልቆየም። የሁለተኛውን መንገድ ኃይል ያሳየው በ1943 የተከፈተው «ኦክላሆማ!» ነው። ዳንኤል ፊሽ በ2019 ብሮድዌይ ላይ ሲያቀርበው ቃሉን እንዳለ ጠብቆ 28 የነበረውን ኦርኬስትራ ወደ 7 ሰዎች ቡድን አወረደ፤ በአዳራሹ መብራት በርቶ፣ በግድግዳው ላይ ጠብመንጃዎች ተደርድረው፣ ሁልጊዜ እንደ ደስታ በዓል ይታይ የነበረው ታሪክ አንድን ብቸኛ ሰው ማኅበረሰቡ ተባብሮ ሲያስወግደው የሚያሳይ ሆነ። አንዳንዶች ተናደዱ፤ ለእኔ ግን ጽሑፉ ውስጥ ከመጀመሪያው የነበረውን አወጣው እንጂ ያልነበረ አልጨመረበትም።

በ«ማይ ፌር ሌዲ» ላይ የተደረገው ከሁለቱ መሐል ይገኛል። በ1956ቱ ሥራ ፍጻሜ ላይ ኤላይዛ ወደ ፕሮፌሰር ሂጊንስ ትመለሳለች፤ እሱም ነጠላ ጫማው የት እንዳለ ይጠይቃታል። ባርትሌት ሼር በ2018 ሲያዘጋጀው ቃሉን ሳይነካ ኤላይዛ ጥላው እንድትሄድ አደረገ። ይህ የዘመኑ ፋሽን የወለደው ነው ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ነገር ግን የታሪኩ ምንጭ የሆነውን «ፒግማሊየን» የጻፈው በርናርድ ሾው ራሱ ሁለቱን ለማጋባት የሚደረገውን ሙከራ ሁሉ አጥብቆ ሲቃወም ኖሯል፤ ለታተመው ተውኔቱም ኤላይዛ ያገባችው ሌላውን ወጣት ፍሬዲን እንደሆነ የሚገልጽ ማጠቃለያ ጽፎለታል። ስለዚህ አዲሱ ፍጻሜ ከአሮጌው ይልቅ ለምንጩ ይቀርባል።

የገንዘቡና የመብቱ ነገር ተመልካች የማያየው፣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ክፍል ነው። በአሜሪካ አሮጌ ድርሰቶች ከታተሙ ከ95 ዓመት በኋላ፣ በብሪታንያ ደግሞ ደራሲው ከሞተ ከ70 ዓመት በኋላ ከቅጂ መብት ነፃ ይሆናሉ፤ ሾው በ1950 ስለሞተ ተውኔቶቹ ብሪታንያ ውስጥ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ነፃ ናቸው። ሙዚቃዊ ቲያትር ግን የዜማ፣ የግጥምና የቃለ ተውኔት ደራሲዎች የጋራ ሥራ በመሆኑ ከወራሾቹ መካከል አንዱ ብቻ እምቢ ቢል ነገሩ ይቆማል፤ ቃል ለመለወጥም ሆነ የገጸ ባሕርይ ጾታ ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልጋል። ሶንድሃይም በሕይወት ሳለ የሙዚቃዊ ቲያትሩን የ«ካምፓኒ»ን ዋና ገጸ ባሕርይ ከወንድ ወደ ሴት ለመለወጥ ለአዘጋጇ ለማሪያን ኤሊየት መፍቀዱ ያን ያህል ዜና የሆነው ለዚህ ነው። ሌላው ወጪ ኦርኬስትራው ነው። በ2003 የብሮድዌይ ሙዚቀኞች ሥራ ያቆሙት በትልልቅ ቲያትር ቤቶች መኖር የሚገባው ዝቅተኛ የተጫዋች ቁጥር እንዳይቀነስ ነበር፤ በስምምነቱ ቁጥሩ ወደ 18 እና 19 ወረደ። ከ1949 ጀምሮ ለስልሳ ዓመት ገደማ ወደ ብሮድዌይ ያልተመለሰው «ሳውዝ ፓሲፊክ» በ2008 በሊንከን ሴንተር ሲቀርብ ግን 30 ሙዚቀኞች ነበሩት፤ በመግቢያው ዜማ ላይ የመድረኩ ወለል ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከሥሩ ተጫዋቾቹን ሲገልጣቸው ታዳሚው በጭብጨባ ይቀበላቸው ነበር። ትልቅ ኦርኬስትራ የሚያስፈልጋቸውን ሥራዎች «ዛሬ አይቻልም» ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

እንግዲህ በዚህ መለኪያ የእኔን ምርጫ ልናገር። በመጀመሪያ፣ ባጭሩ፣ ሁለት የፖለቲካ ሥራዎች። የገርሽዊን ወንድማማቾች «ኦፍ ዚ አይ ሲንግ» በ1931 ተከፍቶ የፑሊትዘርን የድራማ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሙዚቃዊ ቲያትር ነው፤ በፍቅር ስም የምርጫ ዘመቻ የሚያካሂድ ፕሬዚዳንትና ማንም ስሙን የማያስታውሰው ምክትል አሉበት። ብሮድዌይ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው በ1952 ነው። ስለ ኒው ዮርኩ ከንቲባ ላጓርዲያ የተጻፈውና በ1960 ያንኑ ሽልማት የወሰደው «ፊዮሬሎ!» ደግሞ በብሮድዌይ ዳግም ታይቶ አያውቅም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሁለተኛው ሞቅ ያለና ደግ ነው፣ የመጀመሪያው ግን ጥርስ አለው።

የዜማ ደራሲው ከርት ቫይል በናዚዎች ምክንያት ከጀርመን ሸሽቶ አሜሪካ ከገባ በኋላ የሠራቸው ሥራዎች ከሁሉ ይልቅ በደል የደረሰባቸው ናቸው። በ1947 የታየው «ስትሪት ሲን» የኤልመር ራይስን ተውኔት መሠረት አድርጎ፣ በላንግስተን ሂውዝ ግጥም፣ ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች በሚኖሩበት አንድ ሕንፃ ፊት ለፊት በሙቀት ወቅት የሚሆነውን ያሳያል፤ ስድስት ሰዎች አይስክሬም እየላሱ በኦፔራ ድምፅ ለአይስክሬም ውዳሴ በሚያቀርቡበት መድረክ ላይ በኋላ አንድ ባል ሚስቱን ይገድላል። ኦፔራ ቤቶች አልፎ አልፎ ያቀርቡታል፤ ብሮድዌይ ግን አልተመለሰበትም። ምክንያቱ ከኦፔራም ከሙዚቃዊ ቲያትርም ሙሉ በሙሉ ባለመመደቡ ነው። ዛሬ ሁለቱንም አዘፋፈን ተምረው የወጡ ድምፃውያን ስላሉ ይህ ምክንያት ተዳክሟል፤ የቀረው የብዙ ሰው ደመወዝ ነው።

ለዳግም ዝግጅት ከሁሉ የሚገባው ግን ቫይል ከአለን ጄይ ለርነር ጋር የሠራው የ1948ቱ «ላቭ ላይፍ» ነው። ሳምና ሱዛን ኩፐር የተባሉ ባልና ሚስት በ1791 በፍቅር ይጀምራሉ፤ እነሱ ሳያረጁ አገሪቱ በዙሪያቸው ትለወጣለች፣ ፋብሪካው ይመጣል፣ ባቡሩ ይመጣል፣ ትዳሩም በየዘመኑ ትንሽ በትንሽ እየተሸረሸረ 1948 ይደርሳል። በየትዕይንቶቹ መካከል የልዩ ልዩ ትርኢት ተጫዋቾች እየገቡ በታሪኩ ላይ ይቀልዳሉ። ገና ሲከፈት አስማተኛ ሰውዬ ሱዛንን በመጋዝ ለሁለት ይከፍላታል፣ ሳምንም አየር ላይ ያንሳፍፈዋል፤ ሁለቱም በዚያ ሁኔታ ላይ ሆነው ትዳራቸው ለምን እንዲህ እንደሆነ ይነጋገራሉ። አንዷ የቤትና የሥራ ሸክም ለሁለት የከፈላት፣ ሌላው መሬት የለቀቀ፤ ችግሩ ሁሉ ከመጀመሪያው በዓይን ይታያል። ታሪኩን በትርኢት እየቆራረጡ መተቸት ከዓመታት በኋላ በ«ካባሬ»ና በ«ቺካጎ» የተመሰገነ ስልት ነው፤ እዚህ ግን ቀድሞ አለ።

ትርኢቱ በኢሊያ ካዛን አዘጋጅነት 252 ጊዜ ታየ። ያስረሳው ነገር ይህ ነው፦ በ1948 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ዓመቱን ሙሉ ማለት በሚቻል ሁኔታ ሸክላ አንቀርጽም ብሎ ስለነበር የተዋንያኑ ቅጂ አልወጣም። በዚያ ዘመን ሙዚቃዊ ቲያትር ከኒው ዮርክ ውጭ የሚታወቀው በሸክላው ነበርና ሸክላ የሌለው ሥራ በየከተማው የሚያዘጋጀው ሰው አያገኝም። ኤንኮርስ በ2025 አቅርቦት ዜማው ምን ያህል ሕያው እንደሆነ አሳይቷል። የሚቀረው አንድ እውነተኛ ችግር በመጨረሻው ክፍል ያለው፣ ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው ጥቁሮችን ከሚያሾፉበት የድሮ ትርኢት የተወሰደው ቅርጽ ነው፤ ያን የሚተካ ሐሳብ ያለው አዘጋጅ እስኪገኝ ድረስ ሙሉ ዝግጅት መጀመር አይገባም።

ከተውኔቶች የምመርጠው የናይጄሪያዊውን ደራሲ የወሌ ሾዪንካን «ዴዝ ኤንድ ዘ ኪንግስ ሆርስማን» ነው። በ1975 የታተመው ይህ ተውኔት ናይጄሪያ ውስጥ በዮሩባ ምድር በኦዮ በእርግጥ ከተፈጸመ ነገር ይነሣል። ንጉሡ ሲሞት ፈረሰኛው ኤሌሲን ሊከተለው ግዴታ አለበት፤ ኤሌሲን በመጨረሻው ቀን አዲስ ሙሽራ ልውሰድ ብሎ ሲዘገይ እንግሊዛዊው የአውራጃ ገዥ ጣልቃ ይገባና ያስረዋል። ከእንግሊዝ አገር የሕክምና ትምህርቱን አቋርጦ የመጣው ልጁ ኦሉንዴ በአባቱ ፋንታ ይሞታል። ገዥውና ሚስቱ ከሕዝቡ የነጠቁትን የሙታን መናፍስት ቅዱስ ልብስ ለዳንስ ምሽት መጫወቻ አድርገው ለብሰው የሚታዩበት ትዕይንት ብቻውን አንድ ሙሉ ንግግር ይተካል።

ሾዪንካ በመቅድሙ ሥራው እንደ ተራ የባህሎች ግጭት እንዳይታይ አዘጋጆችን ያስጠነቅቃል፤ የእንግሊዙ ገዥ ለእሱ ሰበብ ብቻ ነው፣ ዋናው ጉዳይ በኤሌሲን ውስጥ ያለው መወላወል ነው። ሆኖም ከአፍሪካ ውጭ የሚያቀርቡት ቲያትር ቤቶች ደጋግመው የሚሄዱት በዚያው በተከለከለው መንገድ ነው። ደራሲው ራሱ በ1987 በኒው ዮርኩ ሊንከን ሴንተር አዘጋጅቶት ለአጭር ጊዜ ታየ። በ2009 በለንደኑ ናሽናል ቲያትር ሩፉስ ኖሪስ ሲያዘጋጀው እንግሊዞቹን ጥቁር ተዋንያን ፊታቸውን ነጭ ቀብተው እንዲጫወቱ በማድረግ የቅኝ ገዥውን ወገን ወደ ማስቂያነት አወረደው፤ ይህ ለደራሲው ማስጠንቀቂያ የቀረበ መፍትሔ ነው። ለሚቀጥለው አዘጋጅ የቀረው ከባድ ሥራ ሦስተኛው ገቢር ነው፤ ኤሌሲን በከበሮና በውዳሴ ግጥም እየተመራ ከሕይወት ወደ ሞት ሲሻገር ተመልካቹ ሊያምነው ይገባል። ስለዚህ ከበሮ መቺዎቹ በመጨረሻው ሳምንት እንደ ማጀቢያ የሚጨመሩ ሳይሆኑ ከልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ከተዋንያኑ ጋር ያሉ፣ ዮሩባን የሚሰሙና ለኤሌሲን ቃል በቃል መልስ የሚሰጡ መሆን አለባቸው፤ የቲያትር ቤቱም በጀት ከዚህ ተነሥቶ ቢሠራ ይሻላል።